የደረቀው እጅጌ

በዚያ ድርጅት ደንብ መሠረት አውሮፕላን የጠገነ መካኒክ በመጀመሪያው በረራ አብሮ ይሳፈራል። ትንሿ አውሮፕላን ከጥጥ እርሻው በላይ ስትዞር መካኒኩ እጅጌውን አየ። ጠዋት ታንኩን ሲሞላ ነዳጅ ፈሶበት ነበር፤ አሁን ግን ደርቋል፣ ዕድፍም የለበትም። ናፍጣ እንዲህ አይደርቅም። የሞላው ቤንዚን ነው ማለት ነው።

አዲሱ ሞተር የሚሠራው በናፍጣ ብቻ ነው። ቱቦው ውስጥ የቀረው ናፍጣ ሲያልቅ አየር ላይ ይጠፋል። ከተናገረ ደግሞ የሥራ ፈቃዱን ይነጠቃል።

«ምነው ላብ በላብ ሆንክ? ፈራህ እንዴ?» አለችው ካፒቴን እታፈራሁ፣ እየሳቀች።

«ኧረ ሙቀቱ ነው።»

የሞተሩን ድምፅ አዳመጠ። የተቆራረጠ መሰለው። የካፒቴኗ ሁለት ልጆች ትዝ አሉት።

«ካፒቴን፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ይውረዱ! የሞላሁት ቤንዚን ነው!»

ካፒቴኗ አልደነገጠችም። መሪውን እንደያዘች ሰዓቷን አየች።

«አንተ ቁርስ ላይ ሳለህ ሸተተኝ። ታንኩን አስደፍቼ፣ አሳጥቤ፣ በናፍጣ አስሞልቼዋለሁ» አለችው። «እጅጌህን ካየህ በኋላ ለመናገር አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀብህ።»