«ተጠባባቂ» የተባለው ፓምፕ

«መብራት ቢጠፋ ምን ምን ይቆማል?» አሉ አለቃቸው ኢንጂነር ብርሃኑ።

ሰምሃል ጥያቄውን ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈች። አሥር ሰከንድ ሳይሞላ ግድግዳው ላይ ዝርዝር ወጣ፤ ጎሮ ሰፈር በሚገነባው ሆስፒታል ውስጥ የሚቆሙ አሥራ አራት ነገሮች፣ ከነቦታቸው።

ተጨበጨበ። አስመረትም ለይስሙላ አጨበጨበች።

በዚህ ቢሮ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ስትመልስ የኖረችው እሷ ነበረች፤ የአምስት ኮንትራክተር ንድፍ ዘርግታ፣ ሦስት ቀን ፈጅቶባት። ሰምሃል ገና አራት ወሯ ነው። ኦንቶሎጂ የሚሉትን ዘዴ ይዛ መጣች፤ እያንዳንዱ ዕቃ ምን እንደሆነ፣ ያለምን እንደማይሠራ አንድ ጊዜ ተተርጉሞ ይመዘገባል፣ ከዚያ ማሽኑ ራሱ ይመልሳል። «አስመረትን ጠይቋት» የሚል ሰው ጠፋ።

ዝርዝሩን እንደገና አየችው። የቀዶ ጥገና ክፍሉ የውሃ ፓምፕ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ስህተቱ ወዲያው ገባት። ኤሌክትሪክ ሠራተኞቹ «ተጠባባቂ» የሚሉት መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር የሚሠራውን ነው። ቧንቧ ሠራተኞቹ ግን ሌላው ፓምፕ ሲበላሽ የሚተካውን ነው። ሰምሃል ሁለቱን አንድ አድርጋ መዝግባቸዋለች፤ ማሽኑም ፓምፑ በጄኔሬተር ይሠራል ብሎ ዘሎታል።

ዝም ልትል ትችል ነበር። ዝርዝሩ ዛሬውኑ ወደ ጎሮ ይላካል፣ የጄኔሬተሩ ኬብል በእሱ መሠረት ይዘረጋል፣ ርክክብ ላይ ጉዱ ይወጣል። ግን እስከዚያ መታገስ አልቻለችም። የሰምሃልን ፊት አሁን ማየት ፈለገች።

«ተሳስተሻል» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። አስረዳች።

ሰምሃል አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ሳቀች፤ ከልቧ። «አስሚ ሙች፣ ይሄን ካንቺ በቀር ማንም አያውቀውም!» ወዲያው ቃሉን ለሁለት ከፈለችው። አሥራ አራቱ ሃያ ሦስት ሆነ።

የመጨረሻው የኦክስጅን ማምረቻው ማቀዝቀዣ ፓምፕ ነበር። ሰምሃል ምንጩን ለማየት ነካችው። አንድ የቆየ የንድፍ ገጽ ተከፈተ፤ «ተጠባባቂ ስለሆነ በጄኔሬተር ይሠራል፤ አረጋግጫለሁ» ይላል። ከሥሩ የአስመረት ፊርማ።

ሰምሃል ገጹን ቶሎ ዘጋችው።

«የማን ነበር እሱ?» አሉ ኢንጂነር ብርሃኑ መነጽራቸውን እየፈለጉ።

«የድሮ ሰነድ ነው፣ ኢንጂነር። እናስተካክለዋለን።»

አስመረት ፊቷ ጋለ። ሰምሃል ብትስቅባት ይሻላት ነበር። በዚህች ደግነት የሰምሃል ባለዕዳ ልትሆን አልፈለገችም።

«የኔ ነው» አለች። «ከሁለት ዓመት በፊት እኔ ነኝ የፈረምኩት።»

«እንግዲያው ከሰዓት ሁለታችሁም ጎሮ ውረዱና ፓምፖቹን በዓይናችሁ እዩ» ብለው ኢንጂነር ብርሃኑ ተነሡ። ሰዉም ተከትሏቸው ወጣ።

ሰምሃል ወደ ኮምፒውተሯ ተመለሰች። ከአዲሱ ቃል አጠገብ «ትርጉሙን የሰጠው ሰው» የሚል ባዶ ቦታ ነበር፤ እዚያ ላይ የአስመረትን ስም ከነአባቷ ጻፈች።

አስመረት ከኋላዋ ቆማ ስሟን ፊደል በፊደል አነበበችው። ስህተት አልነበረበትም።