የአቶ ኃይለልዑል ስህተት

«ጋሽ መርዕድ፣ አንድ ነገር ብቻ ይርዱኝና ልሂድ» አለች ብሩክታይት፣ ስድስት ገጽ ጽሑፏን ደረቷ ላይ አቅፋ። «ፔፐሬ ዛሬ ዲው ነው። የዚህን አርቲክል ፎቶኮፒ ሳደርግ የገጹ ቁጥር ተቆርጦብኛል፤ መጽሔቱ ደግሞ ሼልፍ ላይ የለም።»

ለማስረከብ የቀራት አርባ ደቂቃ ነው። ጋሽ መርዕድ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ባለው በዚህ የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ሲያውሱና ሲቀበሉ አሥር ዓመት አልፏቸዋል። ደረታቸው ላይ ያለው የስም ባጅ «መርዕድ» ብቻ ነው የሚለው፤ ሐበሻ ተማሪ ሁሉም የሚያውቃቸው በዚሁ ነው። ብሩክታይትንም ከሰባት ዓመት ሥራ በኋላ ትምህርት ስትጀምር አጠገቧ ቁጭ ብለው ኮምፒውተር ላይ ጽሑፍ እንዴት እንደሚፈለግ ያሳዩዋት እሳቸው ናቸው።

ይህ ጽሑፍ ለእሷ እንዲሁ የቤት ሥራ አይደለም። ነርሲንግ ለመግባት ከዚህ ክፍል ቢ ማግኘት አለባት። ርዕሱን የመረጠችው ራሷ ናት፦ አሜሪካ አዲስ የገባ ሰው መጀመሪያ ሥራ ይያዝ ወይስ ትምህርት ቤት ይግባ? በዲቪ ስትመጣ ያገኘችው ሰው ሁሉ «መጀመሪያ ሥራ» ብሏት ሰባት ዓመት የሆቴል አንሶላ ስታጥፍ ስለኖረች፣ ለክርክሩ ቀስቃሽ አላስፈለጋትም። ያስቸገራት አስተማሪዋ ያዘዘችው ነገር ነው። ከአምስቱ ምንጮች አንዱ የግድ የእሷን ሐሳብ የሚቃወም መሆን አለበት፤ ጸሐፊውንም በስሙ ጠርታ ትሞግተው።

ፈልጋ ፈልጋ ያገኘችው አንድ ብቻ ነው። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት በአንዲት ትንሽ መጽሔት የወጣ፣ የሐበሻ ስም ያለበት፣ አዲስ ገቢ አምስት ዓመት ሠርቶ እግሩን ይትከል የሚል። ስታገኘው እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ ስታነበው ግን ደሟ ፈላ። ሁለት ገጽ ሙሉ ልክ ልኩን ነገረችው።

«ጸሐፊው ማን ይባላል?» አሉ ጋሽ መርዕድ ኪቦርዱን ሳብ አድርገው።

«አቶ ኃይለልዑል። ኃይለልዑል ይልና ኮማ፣ ከዚያ ኤም።»

እጃቸው ኪቦርዱ ላይ ቀረ። «እስቲ የጻፍሽውን አሳዪኝ።»

ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው አነበቡ፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ አንዱን ዓረፍተ ነገር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት። በእንግሊዝኛ ነው እንጂ፣ በእኛው ቋንቋ «አቶ ኃይለልዑል በዕድሜያቸው አንድ አንሶላ አጥፈው እንደማያውቁ ግልጽ ነው» ይላል።

«እውነትሽን ነው» አሉ። «አባቴ አንሶላ አጥፎ አያውቅም። ምንጃር ጤፍ ሲዘራ ኖሮ እዚያው ነው የሞተው።»

«አባትዎ?»

«እነዚህ ሰዎች የጸሐፊ ስም ሲመዘግቡ የሚያስቀድሙት የአባትን ነው፣ የኔ ልጅ። ኃይለልዑል አባቴ ነው። ኤሟ ነኝ እኔ፤ መርዕድ። አንቺ ግን ምስኪኑን ገበሬ ሁለት ገጽ ሙሉ በእንግሊዝኛ ሙልጭ አድርገሽ ሰደብሽው።»

ብሩክታይት ፊቷ ጋለ። ስንት ቀን ያስተማሯትን ሰው፣ በራሳቸው ጠረጴዛ፣ በራሳቸው እጅ ስድባቸውን አስያዘቻቸው!

«በማርያም ጋሼ፣ አላወቅሁም! አሁኑኑ ዲሊት አደርገዋለሁ።»

«ሌላ ተቃዋሚ ሶርስ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ያለሱስ አስተማሪሽ ትቀበልሻለች?»

«አትቀበለኝም። ቢቀር ይቅር! እንዴት ብዬ ነው በእርስዎ ላይ...»

«ቁጭ በይ።»

ቁጭ አለች። እሳቸው ማንበባቸውን ቀጠሉ። የቢ ውጤቱ እንደቀረባት ቆጥራዋለች፤ አሁን የፈራችው የእሳቸውን ፊት ነው። ገጽ ሲገልጡ ቀና ብላ ታይና መልሳ ታቀረቅራለች። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ግን ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቁ ነበር።

«ይሄን ጽሑፍ ሰው አንብቦት ያውቃል ብዬ አላስብም ነበር» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ባለቤቴ እንኳ ‹ጎበዝ› ብላኝ ሁለተኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። አንቺ በየመስመሩ ነው የተጣላሽኝ።»

«አልተቀየሙኝም?»

«ካወጣሽኝ ነው የምቀየመው።»

እርሳስ አነሱ። «‹ትምህርት የትም አይሄድም፤ ይጠብቃል› ያልኩትን ጠቅሰሽ የገጹን ቁጥር ክፍት ትተሽዋል።» መጽሔትም ኮምፒውተርም ሳያዩ በክፍቱ ቦታ አርባ ሁለት ብለው ጻፉ። «እኔንም ይጠብቀኛል ብዬ ነበር። ትምህርት ቤት ሳልመለስ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞላኝ። እዚህ ጋ በደንብ ምቺኝ። በእንግሊዝኛው መሐል ያስገባሻትን ‹አቶ› ግን አውጪያት፤ አስተማሪሽ አታውቃትም።»

ኮምፒውተሩ ጋ ሄዳ ቁጥሩን አስገባች። ‹አቶ›ን ከየቦታው ስታጠፋ ትልቅ ሰው በባዶ ስሙ የጠራች ያህል ቀፈፋት፤ ቢሆንም አጠፋችው። አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች፤ የሚጠብቀው ትምህርቱ ሳይሆን ሰውየው ነው የሚል። አዲሱን ቅጂ ከፕሪንተሩ ስታነሳ አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቷት ነበር። ደስ ብሏት እየሮጠች ተመለሰችና የድሮውን ቅጂ የወረቀት መጣያው ውስጥ ልትከት ስትል ጋሽ መርዕድ እጃቸውን ዘረጉ።

«እሱን ለእኔ ተይልኝ።»

«ስድቡን?»

«አባቴን ቀበሌ እንኳ አቶ ብሎት አያውቅም» አሉ፣ ጣታቸውን ‹አቶ ኃይለልዑል› ከሚለው ሥር አድርገው።