የምሥራቁ አዋሳኝ

ላቀች በመሬት ጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ፊት ቆማ አዲሱን የመሬት ወረቀት ሦስት ጊዜ አነበበችው። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነውና ጥፋቱ የራሷ መሰላት። ለልጇ የምታወርሰው የገብስ ማሳ በምሥራቅ የሚዋሰነው ከመሪጌታ ደሳለኝ ማሳ ጋር ነው፤ ወረቀቱ ግን ወንዝ ይላል። በማሳዋ ዙሪያ እንኳን ወንዝ ምንጭም የለም።

«የኔ ልጅ፣ ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ይሆን?» አለችው ወረቀቱን የሰጣትን ወጣት ጸሐፊ።

«ኮምፒውተሩማ ታድሷል፣ እናቴ። እንዲፈጥን ብለን ትናንት ፋይሎቹን እንደገና ደረደርናቸው» አለ ጸሐፊው። «አሮጌውን ደብተር ይስጡኝ፤ እሱ ይቃጠላል።» በእግሩ ሥር ያለው ካርቶን በአሮጌ የይዞታ ደብተሮች ሞልቷል።

ደብተሯን ዘረጋችለት፤ አውራ ጣቷ ግን አልለቅ አለ። ፊደል መቁጠሯን ተጠራጠረች። ይኼኔ ከኋላዋ ተራ የያዙት ሽማግሌ አንገታቸውን አስግገው ወረቀቷን አዩ።

«ወንዙማ የኔ ነው!» አሉ። «ለኔ ደግሞ መሪጌታ ደሳለኝን ጽፋችሁልኛል። ከብቶቼን ከመሪጌታ ላጠጣ?»

ሰልፈኛው ሳቀ። ጸሐፊው ግን ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ አየና አጠገቡ ወደተቀመጠው ባልደረባው ዞረ።

«ከመደርደራችን በፊት ቅጂ አስቀርተናል?»

ባልደረባው ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። ጸሐፊው የላቀችን ደብተር ለቀቀላት፤ ጎንበስ ብሎም ካርቶኑን በሁለት እጁ አቀፈው።