አሥራ አንደኛው ወር

«ይሁን፣ ቀጥል» የሚለውን ለስድስተኛ ጊዜ ጫነችው። ገጹ ተከፈተ። ስሟን፣ የመታወቂያ ቁጥሯን፣ የዲግሪዋን ቁጥር ለስድስተኛ ጊዜ ሞላች። «ላክ» ስትለው ያው ቀይ የጋሻ ምልክት ተመልሶ መጣ፦ የዚህ ድረ ገጽ የደኅንነት ሰርተፍኬት ችግር አለበት። የሞላችው ሁሉ ጠፋ።

ሊኖር ማውሱን ከጠረጴዛው ጋር አላተመችው። የላቦራቶሪ ባለሙያዎች የፈቃድ ፈተና ምዝገባ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል። የሚቀጥለው ፈተና ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ ሊቀጥራት የተስማማው ሆስፒታል ግን ስድስት ወር ቦታ እንደማይዝላት በደብዳቤ ነግሯታል። ምዝገባው ሦስት ሳምንት ሙሉ ክፍት ነበር። እሷ ነገ ነገ ስትል ዛሬ ላይ ደረሰች፤ አሁን አርባ ደቂቃ ቀርቷታል። ሚግዳል ከተማ ያለው ኢንተርኔት ቤት ደግሞ አውቶቡሱ ቶሎ ከመጣ ነው ሠላሳ ደቂቃ።

የእርዳታ መስመሩን ያነሳው ኦሜር የሚባል ሰው ነበር። ድምፁ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል።

«እኛ ጋ ምንም ችግር የለም» አላት በዕብራይስጥ። «ሌላው ሰው ሁሉ እየተመዘገበ ነው።»

«ስለ ሌላው ሰው መቼ ጠየቅሁህ?»

«ሰርተፍኬቱን ክፈቺና ከመቼ እስከ መቼ እንደሚሠራ አንብቢልኝ።»

ከ2006 እስከ 2008 ይላል። አነበበችለት።

«ዛሬስ ስንት ነው?»

«ትቀልዳለህ?»

«ኮምፒውተርሽ ስንት ነው ይላል ማለቴ ነው። ማውሱን ሰዓቱ ላይ አድርጊና…»

«ሰዓቱ ትክክል ነው። ዛሬ ስንት እንደሆነ ካንተ አልማርም።» ዘጋችበት።

የቆዩ ገጾችን ሁሉ ደመሰሰች። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራች፤ እስኪነሳ አምስት ደቂቃ በላባት። ጋሻው እዚያው ነው። ከዚያ ማውሱን ሰዓቱ ላይ አደረገችው። ኦሜርን ሰምታ አይደለም፤ ያልሞከረችው እሱ ብቻ ስለቀረ ነው። ትንሽ ቢጫ ሣጥን ብቅ አለች፦ 5 ኖቬምበር 1999።

ለማሽኑ ገና 1999 ነው። በ2006 የሚጀምር ሰርተፍኬት ለእሱ ገና አልተወለደም፤ እንዴት ብሎ ይመነው።

«አባ» ብላ ጠራች። አልጮኸችም፤ ይህ ከጩኸቷ ይብሳል።

አባቷ ሽበሺ የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ ከኩሽና መጣ። የምሳ ዕቃውን በብብቱ ይዟል። የፋብሪካው ሚኒባስ የከሰዓት ፈረቃ ሠራተኞችን ከሕንጻው በር የሚወስደው እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ሲቀር ነው።

«ኮምፒውተሩን ነክተሃል?»

«ቀኑን ብቻ አስተካከልኩት። ተሳስቶ ነበር።»

«ማን ነው የተሳሳተው?»

«እሱ። ሁለት ሺህ ሰባት ይላል። ገና ሁለት ሺህስ መቼ ገባ?»

«ኖቬምበር ነው ያደረግኸው፣ አባ። ኖቬምበር!»

«አሥራ አንደኛው ወር ነው። ሐምሌ አሥራ አንደኛ አይደለም?» ትንሽ አሰበና ጨመረ። «ሰዓቱን አልነካሁም። ሰዓቱ ለመኪናው ይሆነኛል።»

በዕብራይስጥ ወረደችበት። የማታውቀውን አትንካ አላልኩህም፣ ሥራዬ ሊቀር ነው፣ ለምን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ካላንደር አታይም። እሱ ግማሹን ሰማ።

«የግድግዳው የእነሱ ነው» አለ።

«እሺ እኔን አትጠይቀኝም? ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም፣ አስልቼ እነግርሃለሁ።»

ሽበሺ የመጨረሻውን ቁልፍ ቆለፈ።

«አምና ጠይቄሽ ነበር።»

ሊኖር እጇ ማውሱ ላይ እንዳለ ዞር ብላ አየችው።

«የእናቴን ተዝካር። ሐምሌ አሥራ ሁለት በእነሱ መቼ ነው ስልሽ፣ ቦርሳሽን አንግተሽ በር ላይ ቆመሽ ጁላይ ሃያ አልሽኝ። አሥራ ዘጠኝ ነበር። ጎንደር ያለችው እህቴ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትጠብቅ ዋለች። ሽማግሎቹ ሳይመርቁ በፊት የእኔን ድምፅ ይስሙ ብላ። እኔ በማግሥቱ ደወልኩ። የድግሱ ዕቃ ሁሉ ታጥቦ ተቀምጦ ነበር።»

ያን ዕለት ስልኩን ዘግቶ «ተበትነዋል» ሲል ሰምታዋለች። እነማን ብላ አልጠየቀችም።

ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰች። አሁንም ተናዳለች፣ በማን እንደሆነ ግን አልለየላትም። ቀኑን 12 ጁላይ 2007 አደረገችው። ጋሻው አልመጣም። ስሟን፣ መታወቂያዋን፣ ዲግሪዋን ለሰባተኛ ጊዜ ሞልታ ላከች። ተመዝግበሻል አላት፤ ስምንት ደቂቃ ተርፏታል።

ታች ሚኒባሱ ክላክስ አደረገ። አባቷ ከኋላዋ ቆሞ የስክሪኑን ጥግ ያያል።

«እንግዲህ የእኔ ጠፋ» አለ። «ዘንድሮ ሐምሌ አሥራ ሁለት መቼ ይውላል?»

የሚቀጥለው ሐሙስ ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው። ሣጥኗ ላይ የነበረው አምስት ነው። ከአምስት እስከ አሥራ ሁለት… አምስትን ራሷን ቆጥራ ነው ወይስ ሳትቆጥር? እሱስ ትክክል ሞልቶት ነበር? አውራ ጣቷን በሌሎቹ ጣቶቿ አንጓ ላይ አንድ በአንድ ታሳልፍ ጀመር፣ እሱ እንደሚቆጥረው። መሐል ላይ ጠፋባት። እንደገና ከትንሿ ጣቷ ጀመረች።

ሚኒባሱ ደግሞ ክላክስ አደረገ። ሽበሺ የምሳ ዕቃውን እንደያዘ ከቆመበት አልተነቃነቀም።