ለእንግዳ ደጅ የሚነጠፍ ድንጋይ

«ውሃ አፍስሺባቸው» አለኝ ጓድ ዘውገ። በልጄ ዕድሜ ነው፤ ካድሬ ከሆነ ወዲህ ግን ላሊበላ ውስጥ እሱ አንቱ የሚለው ሰው ጠፍቷል።

ከእንስራው እየቀዳሁ ሦስቱ ድንጋዮች ላይ አፈሰስኩ። ድንጋይ መልኩን የሚያወጣው ሲርስ ነው። ባሌ ገብረ መስቀል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጠራቢ ነበር፤ የፈለጠውን በአህያ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። ያስጠሩኝ ለዚሁ ነው ተባልኩ። እኔ ግን አላመንኩም።

ከቢሮው ጓሮ፣ ከወይራው ሥር፣ ከአዲስ አበባ ለሚመጡ እንግዶች መቀመጫ የሚሆን ድንጋይ ሊነጠፍ ነው። አንዱ ድንጋይ ቀይ፣ አንዱ አመድማ። ሦስተኛው ሲርስ የስንዴ ነዶ መሰለ፤ ወዲያው አወቅሁት። ይህ ድንጋይ ሟቹ ባሌ ይፈልጥበት ከነበረው ቦታ በቀር የትም አይገኝም። እዚያ ካለው ዋሻ ውስጥ ደግሞ ልጄ ሙሉሃብት ከውትድርና ተደብቋል።

ሚሊሻው ደርበው ግድግዳውን ተደግፎ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ጠቁሞብኝ ይሆን?

«ቀዩ ደም ይመስላል» አለ ዘውገ። «አመድማው ለቅሶ ቤት ያስመስላል። ይኼ ግን ሞቅ ያለ ነው፤ ዓይን አይወጋም። ከፈረሰ አጥር ላይ ነው ያገኘሁት። ከየት ነው የሚፈለጠው?»

«አመድማው ይሻላል ጓድ። ያኛው ክረምት ሲመጣ ይፈረፈራል።»

«አጥሩ ላይ ስንት ክረምት ከርሟል እኮ።»

ምነው እዚያ ላይ ዝም ባልኩ። «ቦታው ግዝት ነው» አልኩት። «አባ ተክለ ሚካኤል ማንም ድንጋይ እንዳያነሳበት ገዝተዋል።» ለእኛ ሰው ነገሩ በዚህ ያበቃል፤ ግዝት አፍርሶ ማን ቤቱ በሰላም ያድራል? ዘውገ ግን ፈገግ አለ።

«እንግዲያው የማነጥፈው ይህንኑ ነው» አለ። «ግዝት ምንም እንደማያመጣ ሕዝቡም ይየው። ደርበው፣ ሰው ያዝና አሁኑኑ ሂድ። እሷ ትምራችሁ።»

አፌን በቆረጠው። ልጄን በገዛ ምላሴ አስያዝኩት።

«ጓድ፣ ዛሬ እኮ ገበያ ነው» አለ ደርበው ቀስ ብሎ። «ሰውም አህያም አናገኝም። ነገ ማለዳ ብንወጣ?»

ዘውገ «እሺ፣ ማለዳ» ብሎ ወደ ቢሮው ገባ።

ከግቢው ስወጣ ደርበው ተከተለኝ። «እትዬ አልጣሽ» አለ፣ እኔን ሳያይ። «ድንጋዩን ሲያዩት ፊትዎን አየሁት። ዛሬውኑ ይሂዱና ቦታ ይቀይሩ ይበሏቸው። የእኔም ልጅ ጋሻዬ ከሙሉሃብት ጋር ነው።»

«የኔ ልጅ አዲስ አበባ ነው» አልኩት።

ጋሻዬ ኩልመስክ፣ አጎቱ ዘንድ ነው ሲባል ነው የምሰማው። ሙሉሃብትም ብቻዬን ነኝ ይለኛል፤ የምወስድለት ስንቅ ግን ቶሎ ያልቃል። ይህ ሰውዬ ቢዋሽስ? እግሬን ተከትሎ ቢመጣስ? ዘንድሮ የሰው ልጅ የሚያዘው በዘመድ አፍ ነው።

«ለምን ራስህ አትሄድም?»

«እኔንም ይከታተሉኛል» አለና ከካፖርቱ ውስጥ ቋጠሮ አወጣ። «እናቱ ናት ያሰናዳችለት። የማደርስበት መንገድ አጥቼ ይዤው ስዞር ሰነበትኩ።»

ብቀበለው ማመኔ ነው። እያወቅሁ እጄን ዘረጋሁና ፈታሁት። የገብስ ቆሎ ነው፤ ታሽቶ፣ ተነፍቶ፣ አንዲት ገለባ ሳትቀርበት ፍሬው ብቻ የቀረ። እንዲህ አድርጎ ማሸት መዳፍ ይልጣል። ለወጥመድ ማን እንዲህ ይደክማል?

መልሼ ቋጠርኩትና ከነጠላዬ ሥር አስገባሁት። ደርበው ጠመንጃውን በትከሻው አስተካከለ፤ ከዚያም በየት በኩል እንደምሄድ እንዳያይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።