ሁለቱ ቢጫ አበባዎች

«ይኸው! እኔ ያጨድኩት ይኸው!» እላለሁ፣ ከጀውሃ ወንዝ በታች ባለው ረግረግ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገብቼ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አሉ!»

ጎረቤቴ እትዬ ከዲጃ ዳር ቆመዋል። ከትናንት በስቲያ አህያቸውን ተውሼ ማሽላ አስፈጨሁ፤ የተዋሰ አብልቶ ነው የሚመልስ፣ ከዚህ ቢጫ አበባ ካለው ቁጥቋጦ አጭጄ አበላኋት። ትናንት ጠዋት ሞታ አገኟት። «ናጅዋ ገደለችብኝ» ብለው ለመንደሩ ሁሉ ተናገሩ። አስራ ሁለት ዓመት እሳት የተጫጫርን ጎረቤቶች! ወላሂ፣ አንጀቴ አርሯል።

የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ሰሀር ጫማዋን አውልቃ ገብታለች።

«እዚህ ያሉት ሁለት ዓይነት ናቸው» ትላለች። «ሁለቱም አበባቸው ቢጫ ነው፣ የአተር አበባ ይመስላል፤ ሁለቱም ውሃ ይወዳሉ። የሚለዩት በቅጠልና በፍሬ ነው።» እኔ ካጨድኩት ቁጥቋጦ አንድ ቅርንጫፍ ትይዛለች። ቅጠሉ ደቃቅ፣ ግራና ቀኝ የተደረደረ፤ ፍሬው ቀጭንና ረጅም። «ይሄ ሰስባኒያ ነው። ጥሩ መኖ ነው።»

«አልሀምዱሊላህ! ሰሙ እትዬ?»

ሰሀር ወደሚቀጥለው ትሻገራለች። የዚህኛው ቅጠል ሦስት ሦስት ሆኖ የበቀለ ነው። ያበጠ ደረቅ ፍሬ ቀጥፋ ጆሮዬ ስር ትነቀንቀዋለች፤ ውስጡ ይንኳኳል።

«አህያ የሚገድለው ይሄ ነው። ያውም ባንድ ቀን አይደለም፤ ለሳምንታት ስትበላው ጉበቷን ይጨርሰዋል።» ጎንበስ ትላለች። «ይሄም እኮ ታጭዷል፤ ደጋግሞ። አቆራረጡ ግን ካንቺ በተቃራኒ ወገን ያዘነበለ ነው። የማን ማጭድ ነው?»

አያለሁ። እኛ መንደር በግራ እጁ የሚያጭድ አንድ ሰው ብቻ ነው። በአጨዳ ጊዜ ማጭዳችን እንዳይጋጭ ሁልጊዜ የሰልፉን ጫፍ እንለቅላቸዋለን።

ሌሊቱን ሙሉ ያሰናዳሁት ንግግር ምላሴ ላይ አለ። አህያይቱን ከውርንጭላነቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አሳዘኑኝ።

«የማን ነው?» ትላለች ሰሀር እንደገና።

«መንገደኛ ይሆናላ፣ ማን ያውቃል» እላለሁ። «በይ ያዢልኝ፣ ከነሥሩ እንንቀለው።»

ቀና ስል እትዬ ከዲጃ ግራ እጃቸውን ሻርፓቸው ውስጥ እየከተቱ ነው።