የግራው ጆሮ

ጠዋት ቤቷን ጠርጋ፣ ሻይዋን ጠጥታ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ የተበላሸውን የጆሮ ማዳመጫ ልትተካ ሱቅ ሄደች። ሻጯ ወንበር ሰጥታት ርካሾቹን ደረደረችላትና «በሚወዱት ዘፈን ያወዳድሯቸው፣ እትዬ» አለቻት። እሷም አውቶቡስ ውስጥ ከባሏ ጋር አንድ ማዳመጫ ተካፍለው ዘወትር የሚሰሙትን ዘፈን ከፈተች። የመጀመሪያው ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል፤ ሁለተኛው የታፈነ ነው። ሦስተኛው ጥርት ያለ ነበር።

«ኧረ እትዬ፣ ግራውን ለማን አስቀመጡት?» ብላ ሻጯ ሳቀች። ለካ ሁሉንም እንደ ልማዷ በቀኝ ጆሮዋ ብቻ ነበር የሞከረችው። ግራው የእሱ ነበር። ጥቂት አመንትታ ሰካችው።

በግራ በኩል ብቻ የሚሰማ፣ እስከዛሬ ሰምታው የማታውቀው ከበሮ ነበር፤ ከዘፋኙ ኋላ ኋላ ቀስ ብሎ የሚከተል። ባሏ ጉልበቷን በጣቱ መታ መታ የሚያደርገው ልክ እንደዚያ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ምት የሚባል ነገር አልፈጠረብህም!» እያለች ስትስቅበት፣ እሱም እየሳቀ ይቀጥል ነበር። ለካ አልተሳሳተም።

«ድምፁ እንዴት ነው?» አለቻት ሻጯ።

«ጥሩ ነው፤ ምንም አልጎደለውም» አለች፣ መዳፏን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ። ከበሮው ይመታል፤ ጣቱ ግን አልነበረም።